የኩታበር ክፍል

አጎቴ ኮምቦልቻ በከፈተው ሆቴል፣ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ደሴ ሆጤ የነበረው ቤታችን ነው፤ ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ የእንጨት ሰገነት ያለው፣ እኔ ያደግሁበት ቤት። አጎቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ፎቶው ሥር ይቆምና ደረቱን ነፍቶ ታሪክ ያወራል። አያቱ ከየመን መጥተው ያንን መሬት በወርቅ እንደገዙት፣ በደሴ እንደሳቸው ያለ ነጋዴ እንዳልነበረ ይናገራል። ዓይኑን በጨው አጥቦ።

እውነቱን የነገረችን አያቴ ናት፤ የአጎቴ እናት፣ የየመኑ ሰው ልጅ። አባቷ ደሴ ሲገቡ ከአንድ እስር የፍየል ቆዳ በቀር ምንም አልነበራቸውም። በቆላው መንገድ የያዛቸው ወባ ሜዳ ላይ ጥሏቸው ሲንቀጠቀጡ አንስተው ያስታመሟቸው አንድ የኩታበር ገበሬ ናቸው። ሲድኑም ገበሬው ሆጤ ከነበራቸው መሬት ቆርሰው ቤት ይሥሩበት ብለው ሰጧቸው። ዋጋ አልጠየቁም። አደራ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከኩታበር ለገበያ የሚመጣ ሰው በዚህ ቤት ማደሪያ እንዳያጣ። በዚያው ዱዓ አድርገው ጨረሱ።

ስለዚህ ከዋናው በር ጎን የራሷ ትንሽ በር ያላት ክፍል ነበረች። የኩታበር ክፍል እንላት ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ የዚያ ገበሬ ልጅ ሸህ ይመር ለሰኞ ገበያ ድንች ጭነው ይመጣሉ። አህያቸውን ደጃችን ያስሩና፣ ደጁ ላይ መሬት ጭረን ሰኞ ማክሰኞ ለምንጫወተው ሴቶች ልጆች ከኪሳቸው የተቆላ ሽምብራ ያድሉናል። ክፍሏ የእርጥብ አፈር፣ የድንችና የአህያ ላብ ትሸት ነበር። ያ ሽታ ዛሬም ድንገት ሲሸተኝ ዞር ብዬ አህያዋን እፈልጋለሁ።

አያቴ በሞተች በዓመቱ አጎቴ ክፍሏን ቆለፋት። ሸህ ይመር ያን እሑድ የመጡት በዝናብ ነው፤ እሳቸውም አህያዋም በስብሰዋል። አጎቴ ከሰገነቱ ለመውረድ እንኳ ሳይቸገር፣ ክፍሏ ሸቀጥ እንደሞላባትና መስጊዱ አጠገብ አልቤርጎ እንዳለ ከላይ ሆኖ ነገራቸው። እኔ በሱ ፈንታ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። ሽማግሌው አልተቆጡም፤ አደራውንም አላነሱበትም።

«አብሽር ልጄ» አሉት። «አህያይቱ ውሃ ትጠጣና እንሄዳለን።»

አጎቴ ውሃውን እንኳ አላዘዘም። ባልዲውን ጎትቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሸህ ይመር ከዚያ ወዲያ በደጃችን አላለፉም። ቤቱም ቆይቶ ፈረሰ፤ አጎቴ በቦታው ፎቅ ሠርቶ አከራየና በኪራዩ ሆቴሉን ከፈተ።

ባለፈው ዓመት ለእህቴ ልጅ ኒካህ እዚያው ሆቴል ተሰበሰብን። ፎቶውን ቀረብ ብዬ ያየሁት ያን ቀን ነው። አያቴ በሕይወት ሳለች አንድ እሑድ የተነሳ ነው፤ ትንሿ በር ያለችበት ጎን ግን ተቆርጧል። ጠርዙ ላይ የቀረው የአህያዋ ቂጥና ጅራት ብቻ ነው። አንድ እንግዳ ምን እንደሆነ ጠየቀ። አጎቴ ምንም ሳያፍር ከየመን የመጡት አያቱ በቅሎ እንደሆነች ተናገረ፤ የብር ልጓም እንደነበራትም ጨመረበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺም ታስታውሻታለሽ አይደል?» አለኝ። አያቱ የሞቱት እኔ ሳልወለድ ነው። ሲዋሽ እንኳ አያስብም።

«አህያ ናት» አልኩ። «የሸህ ይመር አህያ። መሬቱንም የሰጡን የሸህ ይመር አባት ናቸው።»

አጎቴ ሳቀና፣ ልጅ ስለነበረች ተምታቶባት ነው ብሎ እንግዶቹን ወደ ምሳው መራቸው።

ድሮ ከኩታበር የመጣ ሰው በቤታችን ስሙን ሳይጠየቅ ያድር ነበር። ዛሬ የሆቴሉ ዘበኛ አህያ የያዘ ቀርቶ ጫማው ጭቃ የነካውንም አያስገባም። በቀደም ለሥራ ኮምቦልቻ ወርጄ ጎራ አልኩ። ፎቶው እንደገና ተቆርጦ አዲስ ፍሬም ገብቶለታል። ጅራቷም የለችም። አጎቴ የሚመኘውን ቤት አገኘ ማለት ነው።

ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ደጁ ላይ፣ ሰኞ ማክሰኞ ከምንጫወትበት ቦታ አጠገብ፣ መሬቱ ላይ የአህያዋ ፋንድያ እንዳለ ነው። አጎቴ አላየውም። እኔም አልነገርኩት።