ገመድ ያሰናከለች ስንኝ

አምቦ ተመድቤ የመጣሁ ቀን ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ገመቹ የማስተምርበትን ክፍል ከማሳየታቸው በፊት የሚኒ ሚዲያውን ቁልፍ ሰጡኝ። ግጥም እንደምጽፍ ሰምተዋል። በየሳምንቱ አንድ የልጆች ግጥም እንዳቀርብና እሳቸው ካረሙት በኋላ በስቴንስል እንዲባዛ አዘዙ።

ሥራውን የተማርኩት ግን ከእሳቸው እርማት አይደለም። በእረፍት ሰዓት ገመድ ወደሚዘሉት ሴቶች ልጆች እሄዳለሁ። አዲሱን ግጥም እየዘለሉ ይሉታል፤ እግር የሚያሰናክለውን ቃል አወጣለሁ። አስተማሪዎቹ "ነገ ደግሞ ብይ ይዘሽ ነይ" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። አልረሳሁላቸውም።

ከዘላዮቹ ሁሉ ጫልቱ የምትባል የሁለተኛ ክፍል ልጅ ትበልጥ ነበር። ስለ ወንጪ ሐይቅ ፈረስ የጻፍኩትን ግጥም ያቃናሁት በእሷ እግር ነው፦

ፈረሴ ዳገት ወጣ፣
ሐይቁን አይቶ መጣ።

ለወላጆች ቀን ይኸው ተመረጠ። ኦቦ ገመቹ መልእክት ይጎድለዋል ብለው መሃሉ ላይ "ለሁለንተናዊ እድገት ተግተን እንማር" የሚል ስንኝ ጨመሩ። ገመዱ አያሳልፈውም አልኳቸው።

"እኛ የምናስተምረው ዝላይ ነው እንዴ?" አሉኝ።

ግጥሞቼ በመጽሐፍ እንዲታተሙ ለወረዳው የሚያቀርቡልኝ እሳቸው ነበሩ። ስንኟን እንዳለች ለስቴንስል ሰጠሁ።

በበዓሉ ላይ ጫልቱ እዚያች ስንኝ ላይ ስትደርስ ገመዱ እግሯ ላይ ተጠመጠመና ወደቀች። ወላጆች ሳቁ። ኦቦ ገመቹ ማይክሮፎኑን ይዘው ደራሲዋ እዚሁ አለች፤ ክሱን ለእሷ አቅርቡ ብለው ቀለዱ። ሳቁ ባሰ።

ጫልቱ ጉልበቷን እያራገፈች ተነሳች። "ይቺ ስንኝ የቲቸር አይደለችም" አለች። "የቲቸር አትጥልም።"

ኦቦ ገመቹ ወደ እኔ ዞሩ። "ያንቺ አይደለችም?"

"የእኔ ናት" አልኩ።

ልጅቷ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውሸታም ሆነች።

ሰኞ አዲስ ግጥም ይዤ ሄድኩ። ጫልቱ ገመዱን ሳታነሳ የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የእኔ ነው አልኳት።

"ያቺንም እንዲሁ ብለው ነበር፣ ቲቸር" አለችኝ።

መጽሐፉ ከነስንኟ ታተመ። ኦቦ ገመቹን ዛሬም አላከብራቸውም። ያን ገጽ ስገልጥ ፊቴ የሚቃጠለው ግን በእሳቸው የተነሳ አይደለም።

ለልጆች የሚጽፍ ሰው የራሱ ያልሆነውን ቃል የእኔ ነው ማለት የለበትም።