የዘሃራ መርፌ

ትናንት ጠዋት ከወግዲ ራሷን ስታ ወደምሠራበት ሆስፒታል የመጣችው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ዛሬ ከሰዓት ዓይኗን ገልጣ ውኃ ጠየቀች። ዘሃራ ልበላት፤ ስሟ አይደለም።

የስኳር ሕመምተኛ ናት። ደህና ስትሆን ጊዜ ቤተሰቦቿ "ተሽሏታል" ብለው በየቀኑ የምትወጋውን ኢንሱሊን አቁመውባት ነበር።

ከትናንት ጀምሮ በቅጡ አልተቀመጥኩም፤ እግሬ አብጧል። አባቷ ግን ከእኔም በላይ ደክመዋል።

"ልጄ፣ እስከ መቼ ነው የምትወጋው?" አሉኝ።

"ዕድሜዋን ሙሉ ነው፣ አባቴ።"

እኔ የምቆጣበት አቅም ስላልነበረኝ ታሪክ ነገርኳቸው። ድሮ ተመራማሪዎች የውሻ ቆሽት ሲያወጡ ውሻው በስኳር ሲታመም አዩ። ከብዙ ዓመት በኋላ መድኃኒቱ ከቆሽት ተገኘ፤ ይኸው ገና መቶ ዓመት ቢሆነው ነው።

("ውሻ" ስል ፊታቸው ተለወጠ። የዛሬው ኢንሱሊን ከውሻ እንደማይሠራ ማስረዳት ሌላ ሥራ ሆነብኝ።)

"ከዚያ በፊት የነበሩ አባቶችስ ምን ያደርጉ ነበር?"

"ልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው ከማየት በቀር ምንም።"

"አልሐምዱሊላህ። በይ እንዴት እንደሚወጋ አሳዪኝ" አሉ።

የምሽቱን መርፌ ራሳቸው ወጓት። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዘሃራ ዓይኗን ጨፍና "አላመመኝም፣ አባዬ" አለች። እንዳመማት ሦስታችንም እናውቃለን።

እናንተ ቤት መርፌውን የሚወጋው ማን ነው? እጃችሁ መንቀጥቀጡን ያቆመው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው? ጻፉልኝ፣ ነገ ጠዋት አነብላቸዋለሁ።