አኮንግ ዝም ያለበት ሳምንት

ፒንዩ ትምህርት ቤት አትሄድም። ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ የምትማረው ቤቷ ነው። ቤቷ ሲባል እናቷ የቁልቋል አይስክሬም የምትሸጥበት በረንዳ፣ የአያቷ ጀልባ የሚታሰርበት ጥግና ከደሴታችን በስተ ሰሜን ያለው ባሕር ጭምር ነው። በየሳምንቱ ምን እንደምትማር የምትመርጠው ራሷ ናት። በወደብ ከተማው የምትኖረው መምህርት ፋንግ፣ ፒንዩ የምትልክላትን ፎቶና ድምፅ እያየችና እየሰማች አስተያየቷን በስልክ ትመልስላታለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜም፣ ነፋሱ ከፈቀደ፣ በጀልባ ትመጣለች።

በዚያ ሳምንት ፒንዩ የመረጠችው የዓሣውን ካብ ነበር። ካቡ ባሕር ውስጥ እንደ ክንድ ታጥፎ የተዘረጋ፣ ያለ ጭቃ የተካበ የጥቁር ድንጋይ አጥር ነው። ባሕሩ ሲሞላ ዓሣው በላዩ አልፎ ይገባል፤ ባሕሩ ሲጎድል ካቡ ያስቀረዋል። ብዙ ቤተሰብ ስለሚጋራው የእያንዳንዱ ተራ በዓመቱ መጀመሪያ በቤተ መቅደሱ በዕጣ ይለያል። የቅዳሜው ተራ የፒንዩ ቤተሰብ ነበር። ይሁን እንጂ ባለፈው ወር የነፈሰው ነፋስ ካቡን ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ያህል ሸንቁሮታል። ክፍተቱ እስከ ቅዳሜ ካልተዘጋ ዓሣው እንደገባ ይወጣል፤ ተራቸውም ባዶውን ያልፍና እስከ በጋው ማብቂያ ሌላ አያገኙም።

«እኔ እክበዋለሁ» አለች ፒንዩ እሑድ እራት ላይ። «አኮንግ ድንጋይ ያቀብለኛል እንጂ አይናገርም።»

አኮንግ የምትለው አያቷን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ካብ ሲክብ የኖረ ሰው ነው።

«ምንም?» አለ።

«ካልጠየቅሁህ ምንም።»

«ብትሳሳቺስ?»

«ይኸው! ገና ሳንጀምር ተናገርክ።»

እናቷ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ማጀት ገባች።

ሰኞና ማክሰኞ ባሕሩ በጎደለ ቁጥር ፒንዩ ካበች። ድንጋዩን የምትመርጠው በመልኩ ነበር፤ ሰፊና ለጥ ያለውን ፊቱን ወደ ውጭ አዙራ ታሰልፋለች። በመካከል የቀረችውን ቀዳዳ ሁሉ በጠጠርና በዛጎል ስብርባሪ ትጠቀጥቃለች። አኮንግ ያቀብላል፣ ያስላል፣ አንገቱ ላይ የጣለውን ፎጣ ጫፍ ይነክሳል።

ከእነሱ ቀጥሎ፣ እሑድ፣ ተራው የሚደርሰው ጎረቤታቸው ሆክ ሊያይ መጣ።

«ምነው፣ ጥርስህን ተነቀልክ እንዴ ዝም ያልከው?»

«ልጅቷ ከልክላኝ ነው።»

«ሚስትህ ስንት ዓመት ያቃታትን!» አለ ሆክ፤ ወደ ካቡም እያየ፣ «የኔ ልጅ፣ ይሄ ካብ ነው ወይስ የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ?»

ረቡዕ ክፍተቱ ተዘጋ። ፒንዩ ፎቶውን ልካ ስትጠባበቅ መምህርት ፋንግ በአጭሩ መለሰችላት፤ «ቆንጆ ነው። ነገ ደግሞ ስለ ካቡ ንገሪኝ።»

ሐሙስ ባሕሩ መጉደል ሲጀምር ወርደው ቢያዩት ካቡ መካከሉ ተደርምሷል። ፒንዩ ድንጋዩን በእግሯ መታችው፤ እግሯን አመማት። ለመምህርቷ የላከችው ድምፅ ግማሹ ለቅሶ ነበር፤ ስንት ድንጋይ እንዳነሣች፣ ጣቷ እንዴት እንደተላጠ፣ ሆክ ምን ያህል እንደሚስቅባት።

መልሱ ቶሎ መጣ። «ፒንዩ፣ በጣም ደክመሻል፤ ገብቶኛል። ግን ከሰኞ ጀምሮ የላክሽልኝን ሁሉ መልሼ ሰማሁት። አንቺ ያደረግሽው ሁሉ አለበት። ካቡ ምን እንዳደረገ ግን አንድም ቦታ የለም። ውሃው ሲመጣ ምን ሆነ? ሲሄድስ?»

በዚያ ቀን ፒንዩ አንድም ድንጋይ አላነሣችም። ባልፈረሰው አሮጌ ካብ ላይ ተቀመጠች። አኮንግም ኦቾሎኒውን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። ባሕሩ እየሸሸ ሲሄድ ውሃው በአሮጌው ካብ ቀዳዳዎች ሁሉ እየተንፎለፎለ ይወጣል፤ ካቡ ከነድንጋዩ የሚተነፍስ ይመስላል። ከእሷ ሥራ ተርፎ በቆመው ጥግ ላይ ግን ውሃው መውጫ አጥቶ ተከማችቷል፤ ጥጉን እየገፋው ነው፤ ድንጋዮቹ ወደ ውጭ ሆዳቸውን ነፍተዋል። ቀጥሎ አሮጌው ካብ የተሸነቆረበትን ጫፍ ጎንበስ ብላ አየች። ረጃጅሞቹ ድንጋዮች አካላቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው የተኙ ናቸው፤ ውጭ የሚታየው ጭንቅላታቸው ብቻ ነው።

«አኮንግ፣ ጥያቄ አለኝ።»

ሽማግሌው ብድግ ሲል ኦቾሎኒው ተበተነ።

«ረጅሙ ድንጋይ ወደ ውስጥ ነው የሚተኛው?»

«አዎ።»

ጠበቀችው። የተበተነውን ኦቾሎኒ መልቀም ጀመረ።

«ለምን እንደሆነ አትነግረኝም?»

«እሱን መች ጠየቅሽኝ?»

«አኮንግ!»

«ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ።»

«እሺ፣ ለምን?»

ያን ጊዜ ከሰኞ ጀምሮ የታፈነው ሁሉ ወጣ። ባሕሩ ተመልሶ ጉልበታቸው እስኪደርስ አላቆመም፤ ወደ ቤት ሲወጡም መንገዱን ሁሉ እጁን እያወናጨፈ ያወራ ነበር።

ዓርብ ከመሠረቱ ጀመሩ። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይመልሳል፣ እሷ ትክባለች። ባሕሩ ሲመለስባቸው ካቡ ከአሮጌው በአንድ ክንድ ያህል ዝቅ እንዳለ ቀረ።

ቅዳሜ መምህርት ፋንግ የፒንዩን እናት ቦቲ ተውሳ ወረደች። ውሃው እየጎደለ ሲመጣ ዝቅ ባለው ቦታ ላይ ብርማ ዓሣዎች ተግተልትለው አመለጡ። አኮንግ እንደተወጋ ሰው ጮኸ። ፒንዩ ግን የምታየው ካቡን ነበር። ውሃው በአዲሶቹ ቀዳዳዎች እየተንፎለፎለ ወጣ፤ ከካቡ ጫፍ በታችም ወረደ፤ አንድም ድንጋይ አልተነቃነቀም። ያላመለጠው ዓሣ ውስጥ ቀረ። ቅርጫቱ ባይሞላም ሁለት ሰው ነበር የተሸከመው።

«ዛሬ አስተያየት የለኝም» አለች መምህርቷ። «ጥያቄ ነው ያለኝ። አያትሽን ለምን ሰኞ ሳይሆን ሐሙስ ጠየቅሽው?»

ፒንዩ አሰበች። «ሰኞ ምን ብዬ እንደምጠይቀው አላውቅም ነበር።»

ሆክ ከኋላቸው ቆሞ ዝቅ ያለውን ቦታ ያያል። ጉሮሮውን ጠረገ። «የኔ ልጅ፣ ነገ የኔ ተራ ነው። ባሕሩ ሳይመለስ እዚያች ላይ ትንሽ ብትጨምሪበትስ?»

«ድንጋይ ያቀብሉኛል?»

«አቀብላለሁ።»

«ካልጠየቅሁዎ አይናገሩም?»

ሆክ ወደ አኮንግ ዞረ። አኮንግ ከተከመረው ውስጥ ከባዱን ድንጋይ መርጦ እያሸከመው ነበር።

«አይዞህ» አለው። «የሚከብደው የመጀመሪያው ቀን ነው።»