ዕድሜ ልክ የተባለው መርፌ

ተማሪዎቿ «እትዬ ቀስታ» ይሏታል። መኪና መንዳት ማስተማር ከጀመረች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከአፏ ያልተለየው ቃል «ቀስታ» ነው። ፍሪሲዮኑን ቀስታ፣ መሪውን ቀስታ፣ መታጠፊያው ላይ ቀስታ። በእሷ ወንበር በኩል ሁለተኛ ፍሬን አለ፤ እግሯ ከሱ ላይ ተነስቶ አያውቅም። ላብ በላብ ሆኖ የመጣ ተማሪ እንኳ እሷ አጠገብ ሲቀመጥ ልቡ መለስ ይላል። ይህችን ሴት ነው እንግዲህ አንዲት የባቄላ ፍሬ የምታክል እብጠት መቀመጫ ያሳጣቻት።

ነገሩ ከጥርስ ተነሳ። በግራ በኩል አንድ የመንጋጋ ጥርሷን ካስነቀለች በሦስተኛው ሳምንት ጉንጯ ውስጥ ጠጠር ያለ ነገር ዳሰሰች። ምላሷን ስትሰድ አለ፣ በጣቷ ስትነካው አለ። በማግስቱም አለ። ቀይ መብራት ላይ በቆሙ ቁጥር እጇ ሳታውቀው ወደ ጉንጯ ይሄዳል። አረንጓዴ ይበራል፣ ተማሪው «ልሂድ?» ብሎ ይጠብቃታል፣ እሷ ተማሪውን ረስታዋለች፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ያንባርቅባቸዋል። ስፖኪዮውን ለማስተካከል ትዘረጋና ወደ ራሷ ፊት አዙራ ትተወዋለች። በሳምንቱ እብጠቱ ቀላ፣ ሞቀ፣ ዓይኗ ሥር ድረስ ወጣ።

ወደ ጥርስ ሐኪሙ ተመለሰች። ሐኪሙ አፏን በመብራት ፈተሸ፣ ራጅ አስነሳት፣ ጥርሱ የተነቀለበት ቦታ ደህና መዳኑን ነገራት። ከዚያ ጓንቱን እያወለቀ፣ ፊቷን መርፌ ተወግታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። «ኧረ የለም» አለች። ውሸቱ እንዲህ ቀልጠፍ ብሎ መውጣቱ ለራሷም ገረማት። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች።

ተወግታ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በሐሞት ጠጠር ምክንያት ቀዶ ሕክምና አድርጋ ስትነሳ፣ ሌላው ሰውነቷ ሲመለስ ጉንጯ ግን እንደጎደጎደ ቀረ። የሄደችበት ሁሉ «ምነው፣ አሁንም አልተሻለሽም?» ነው። ድና፣ ቀኑን ሙሉ ሠርታ የምትገባ ሴት በየቀኑ በሽተኛ መባል አንገሸገሻት። ያኔ ነው ከአንድ ፀጉር ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የጎደጎደ ፊት በመርፌ ስለምትሞላ፣ ደንበኞቿ «እጀ ወርቅ» ስለሚሏት ሴት የሰማችው። እጀ ወርቅ ነርስ ነበረች፤ ክፍሏ ንጹሕ፣ አነጋገሯ ለስላሳ። «ይሄ እንደ ሌላው ዓመት ቆይቶ የሚጠፋ አይደለም» አለቻት። «አንዴ ከተወጋሽ በቃ፣ ዕድሜ ልክ ነው።» ያን ቀን ዕድሜ ልክ የሚለው ቃል እንደ ምርቃት ነበር የተሰማት።

ብቻዋን ደግሞ አልሄደችም። የሕፃናት መምህርት የሆነችውን ታናሽ እህቷን አስከትላ ነበር። እህትየው መርፌ ሲባል ገና ፊቷ አመድ የሚመስል ፈሪ ናት፤ ነገር ግን የከንፈሯ መሳሳት ከልጅነቷ ጀምሮ ይከነክናት ነበርና እትዬ ቀስታ ገፋፋቻት። እኔ አለሁ አይደል፣ ምን ያስፈራሻል ብላ እጇን ይዛ አስወጋቻት። እውነቱን ለመናገር ለሁለቱም አማረባቸው። ስምንት ዓመት ሙሉ ስለ ጉንጯ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

እብጠቱ አላስቀምጥ ሲላት፣ የፊት ቀዶ ሕክምና የምትሠራ ሐኪም ዘንድ ሄደች። እዚያ አልዋሸችም።

«ምን እንደተወጉ ያውቃሉ?» አለቻት ሐኪሟ።

«ዕድሜ ልክ ነው ብላኛለች።»

«ስሙን ማለቴ ነው።»

ስሙን አታውቅም። ጠይቃም አታውቅ። የመኪናዋን ዘይት እንኳ ቆርቆሮውን አገላብጣ አንብባ የምታስቀይር ሴት፣ ፊቷ ውስጥ የገባውን ነገር ስሙን አልጠየቀችም። እፍረቱ ከእብጠቱ በላይ አቃጠላት።

ሐኪሟ ሳትቸኩል አስረዳቻት። በጊዜ ብዛት ሟሙቶ የሚያልቅ ዓይነት አለ፤ ከዚያም ውስጥ በብዛት የሚሠራበት፣ ችግር ቢያመጣ ማሟሚያ መድኃኒት አለው። የእሷ ግን የማይሟሟው ነው። ሰውነት ባዕድ ነገር መሆኑን አይረሳም፤ ዙሪያውን ያጥረዋል። ዓመታት ዝም ብሎ ይቀመጥና አንድ ቀን፣ ከጥርስ ሕክምና ወይም ከጉንፋን በኋላ፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት፣ ይቆጣል። ሥጋው ውስጥ ገብቶ ስለሚጣበቅ አጥቦ ማውጣት የለም፤ የፊት ነርቭም እዚያው አጠገብ ስለሚያልፍ ቆርጦ ሁሉንም ማውጣት አይቻልም።

«ዕድሜ ልክ የሚቆየው የተወጋው ነገር ነው» አለች ሐኪሟ። «ፊትዎ ግን በየዓመቱ ይለወጣል፤ ይሳሳል፣ ይወርዳል። እሱ ባለበት ይቀራል።»

መድኃኒት ጻፈችላት፤ እንዳትጫነው፣ እንዳታሸው አስጠነቀቀቻት፤ ከተቻለም የተወጋችውን ነገር ስም ፈልጋ እንድታመጣ ነገረቻት።

ፀጉር ቤቱ ስልክ መጠገኛ ሆኗል። ጠጋኙ ወደ ጎረቤት ልብስ ሰፊ መራት፣ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ወዳለ ሁለተኛ ፎቅ። እትዬ ቀስታ መንገዱን ሙሉ የስድብ ዓይነት ስታሰናዳ ነበር፤ የትኛውን እንደምታስቀድም ብቻ ነው ያልቆረጠችው። በሩ ሲከፈት ሁሉም ጠፋባት። የእጀ ወርቅ አገጭ በአንድ በኩል ጉብ ብሎ ወጥቷል፤ ቆዳው ጠይም ሐምራዊ ሆኖ አብረቅርቋል።

እጀ ወርቅ ዓይኗ የእንግዳዋ ጉንጭ ላይ እንዳረፈ ቀረ። ከዚያ ከበሩ ዞር አለችላት።

መጀመሪያ የወጋሁት ራሴን ነው አለቻት፣ ወንበር እየሳበችላት። ዕቃውን በሻንጣ ይዞ ከሚዞር ሰው ነበር የምትገዛው፤ ጽሑፉ በማታውቀው ቋንቋ ስለሆነ ማንበብ አትችልም፤ ሰውየውም አሁን የት እንዳለ አይታወቅም። አንድ ባዶ ብልቃጥ ግን ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠቻት። አገጯ ካበጠ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሥራውንም ያኔውኑ ትታለች።

«ሁለት ዓመት?» አለች እትዬ ቀስታ። «ሁለት ዓመት ስታውቂ ዝም አልሽን?»

«ለማን ምን ብዬ ልንገር፣ እህቴ? ደህና ያሉትን በቁማቸው ልግደላቸው?»

የደንበኞቿ ስምና ስልክ የሰፈረበት ደብተር እንዳላት ግን አልካደችም። ሃያ ስድስት ሴቶች። እንንገራቸው፣ እንደውልላቸው ብትላት አንገቷን ነቅንቃ እንቢ አለች። እትዬ ቀስታ ብልቃጡን በመሀረብ ጠቅልላ ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ ብዙ ተቀመጠች፤ እጀ ወርቅን ልትሰድብ መጥታ፣ ያው የእጀ ወርቅ ጥያቄ የራሷም ጥያቄ ሆኖ አገኘችው። ለእህቷስ ምን ብላ ትንገር?

አራት ቀን አመነታች። እህቷ ሰፈር ድረስ እየነዳች ሄዳ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች። በአምስተኛው ቀን ከትምህርት ቤቱ ግቢ በር ላይ ጠብቃት ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። እህትየው የምታርማቸውን የሕፃናት ሥዕሎች ደረቷ ላይ አቅፋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ለምን ነገርሽኝ?» አለች። «ደህና ነበርኩ እኮ፣ እትዬ። ከዛሬ ጀምሮ ከንፈሬን ሳልዳስስ ልውል ነው?»

ከዚያ ወዲያ ስልክ አላነሳችላትም። ሦስት ሳምንት። እትዬ ቀስታ በእነዚያ ሳምንታት መቀመጫ አጣች። ኪኒኑን ትውጣለች፣ ወደ ሥራ ትሄዳለች፣ ተማሪ ሳይሳሳት ፍሬን ትረግጣለች። አንዱ ተማሪ እንዲያውም፣ እትዬ፣ ዛሬ ማነው የሚነዳው ብሎ አስቋታል፤ ስትስቅ ጉንጯ ወጋት። እብጠቱ በመድኃኒቱ ጎደል ይልና መልሶ ይነሳል። ብልቃጡን ያየችው ሐኪም በመጨረሻ በአፏ ውስጥ በኩል ከፍታ የምትችለውን ያህል ለማውጣት ወሰነች። ሁሉም እንደማይወጣ፣ ጉንጯም እንደ ድሮው እንደማይሆን አስቀድማ ነግራታለች።

በቀዶ ሕክምናው ዕለት እትዬ ቀስታ ከእንቅልፍ መድኃኒቱ ስትነቃ፣ አልጋው አጠገብ ታናሽ እህቷ ተቀምጣለች። ማን እንደነገራት አልጠየቀቻትም። እህትየው ውኃውን በቀሰም አስጠጣቻት፣ ከአንገቷ በታች ያለውን ፎጣ አስተካከለችላት፣ ስለ ክፍሏ ሕፃናት አንድ ሁለት ነገር አወራቻት። ከዚያ ጠዋት እዚያው እያለች ሐኪሟን ማነጋገሯን በደረቁ ጠቀሰች። ከንፈሯ ላይ የተገኘ ችግር የለም። ዝም ብሎ ያለውን መነካካት እንደማያስፈልግ፣ ጥርሷን ስትታከም ግን ቀድማ እንድትናገር ተመክራለች።

«አሁንም ተናድጄብሻለሁ» አለች እህትየው።

«አውቃለሁ።»

«ግን ባትነግሪኝ ኖሮ አልምርሽም ነበር።»

ስፌቱ ሲድን የእትዬ ቀስታ ግራ ጉንጭ ሰርጎድ ብሎ ቀረ፤ ፈገግታዋም በዚያ በኩል ትንሽ ይዘገያል። እንዲያ እንደሆነች፣ ፋሻው ከተነሳ በሁለተኛው ቀን፣ የሁለተኛውን ፎቅ በር አንኳኳች። እጀ ወርቅ አየቻትና ሳትጠየቅ ደብተሩን አመጣችው።

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ደወሉ። እጀ ወርቅ ስሟን ትናገራለች፣ ድምፅዋ ሲከዳት እትዬ ቀስታ ስልኩን ትቀበላታለች። አትጫኚው፣ አታሺው፣ በላዩ ሌላ መርፌ አትጨምሪ፣ ካበጠ ቀን ሳትቆጥሪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ ትላለች። አንዷ እጀ ወርቅን እስከ ዘር ማንዘሯ ሰድባ ዘጋችባቸው፤ እጀ ወርቅ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ሁሉንም አዳመጠች። ከሴቶቹ ሁለቱ እብጠቱን ከጥርስ ቆጥረው ለወራት የጥርስ መድኃኒት ሲውጡ የኖሩ ሆነው ተገኙ፤ አንዷ አልቅሳ አመሰገነቻቸው፣ ሌላዋ የሐኪሟን አድራሻ ብቻ ጠየቀች። እጀ ወርቅም በአምስተኛው እሑድ አገጯን ልታሳይ ቀጠሮ ያዘች።

ከሃያ ስድስቱ ሃያ ሦስቱን አገኟቸው። የሦስቱ ስልክ አይሠራም። አንደኛዋ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ትኖር እንደነበር እጀ ወርቅ ታስታውሳለች፤ የቤቱን ቁጥር ግን አታውቅም። እትዬ ቀስታ ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቿን ወደ ኋላ ነድቶ ማቆም የምታስተምረው እዚያው ሰፈር ነው። እግሯ ፍሬኑ ላይ፣ ዓይኗ የምታልፈው ሴት ሁሉ ጉንጭ ላይ።