ከጌሾው ሥር ያለችው ማሰሮ

ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። ዓይኔ ቶሎ ይደክማል፤ ግማሽ ገጽ ከሞላሁ በኋላ ፊደሎቹ ውሃ እንደነካቸው ይሟሙብኛል። ያን ጊዜ ብዕሩን አስቀምጬ በመስኮት ጓሮውን አያለሁ። ጓሮው ግን ዘንድሮ ዓይን አያሳርፍም። ክረምቱ ወጥቶ ጽጌ ከገባ ወዲህ በየቀኑ አንድ ነገር ያወጣል። አጥሩ ሥር አደይ አበባ ሞልቷል፤ ጎመኑ ቅጠሉን ዘርግቷል፤ የጤና አዳሙ ሽታ እስከ በሩ ይመጣል። ዱባው ደግሞ ሃይ የሚለው የለም። ማታ ያየሁትን ጫፍ ጠዋት አንድ ክንድ አልፎ አገኘዋለሁ። ሁሉም ወደ ፈለገበት ይሄዳል። እኔ የምሄደው ከቤቴ በር እስከ ጌሾው ድረስ ነው።

ከጌሾው ሥር እስከ አንገቷ የተቀበረች ማሰሮ አለች። ውስጧ አሸዋ ነው። አሸዋው መካከል ክዳን ያለው ጣሳ ተቀብሯል፤ ጣሳው ውስጥ የስኳር መድኃኒቴ ይቀመጣል። ፍሪጅ ስለሌለን መድኃኒቱ እንዳይሞቅ አሸዋው ጠዋትና ማታ ውሃ ማግኘት አለበት። እኔም ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት መርፌዬን መውጋት አለብኝ። ከወጋሁ በኋላ መብላት አለብኝ። ባበዛም ባሳንስም እወድቃለሁ። ስኳር ከያዘኝ ጀምሮ ቀኑ እንዲህ ለሁለት ተቆርጦ ነው የሚሰጠኝ።

ስለ ማሰሮዋ የሆስፒታሉ ነርስ የነገረችን ዕለት ባለቤቴ ሳይውል ሳያድር ጉድጓዱን ቆፈረ። አናጢ ነበር። ለሌላ ሥራ ካስቀመጠው የወይራ እንጨት ላይ ቆርጦ ክዳን ጠረበላት።

«ወይራ ለማሰሮ ክዳን ይባክናል?» አልኩት።

«ለሬሳ ሣጥንሽ ከማውለው አይሻልም?» አለኝ፤ ቀና ሳይል።

አሸዋውን ማጠጣት የእሱ ሥራ ሆነ። ጠዋት በጣሳ ውሃ ይዞ ይወጣል፤ የዱባውን ሐረግ ከማሰሮዋ ላይ በእግሩ ገፋ ያደርጋል፤ ያጠጣል፤ ብልቃጡን ይዞ ይገባል። «አሸዋው ጠጥቷል፤ ተራው ያንቺ ነው» ይለኛል። እኔ ብልቃጡን በሁለት መዳፎቼ መካከል ቀስ ብዬ አንከባልለዋለሁ፤ መድኃኒቱ ወተት እስኪመስል። «ቅቤ እንዳይወጣው» ይላል እሱ። በየቀኑ ይላታል። በየቀኑ የምትደገም ቀልድ ስትቀር ቤቱ ምን ያህል ዝም እንደሚል ያኔ አላውቅም ነበር። ልጅ አልሰጠንም። የቤቱ ወሬ ይኸው ነበር።

ያለፈው ዓመት ጥቅምት ሲገባ ወደ ስማዳ ሄደ፤ ተወልዶ ወዳደገበት ቀበሌ። ታላቅ ወንድሙ ቤት ሠርቶ ኖሮ በርና መስኮቱን ሊገጥምለት ነው። በየጠዋቱ ይደውላል። ሰላምታ የለ፣ እንዴት አደርሽ የለ።

«አሸዋው ጠጣ?»

«ጠጣ።»

በሦስተኛው ቀንም ደወለ፤ ጠጣ አልኩት። ውሸቴን ነበር። ገና ከአልጋዬ አልተነሣሁም። የዚያን ዕለት ቀትር ላይ መጋዙን እንደያዘ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ሬሳውን ማምጣት አልተቻለም፤ በማግስቱ እዚያው በአባቱ ደብር ቀበሩት። ለእኔ መርዶው የደረሰኝ ከቀብሩ በኋላ ነው። ጎረቤቶቼ ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው በሬን መቱ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን መርፌም ምግብም ትዝ አላለኝም። በሦስተኛው ቀን ዓይኔን የገለጥኩት ሆስፒታል ውስጥ ነው። መንገዱ ሲከፈት አርባው ወጥቶ ነበር፤ እኔም ገና በሰው ትከሻ ነበር የምቆመው።

ስለዚህ መቃብሩን አላየሁም። ሞቷል ሲሉኝ አምኜ ተቀብያለሁ፤ የተቀበረበትን አፈር ግን አላየሁም። ዓመቱን ሙሉ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው። ለሙት ዓመቱ ሄጄ እዚያ አፈር አጠገብ መቆም።

ወንድምየው መስከረም ማለቂያ ላይ ደወለልኝ።

«ቅዳሜ ነው ያደረግነው። ዓርብ ጠዋት ከእናንተ ዘንድ መኪና ይመጣል፤ ዘመዶቻችንንም ስንቁንም ይጭናል። አንቺ ግን ቅሪ። እኛ እንበቃለን።»

«ጋሼ፣ እመጣለሁ።»

«መንገዱ ከወገዳ ወዲህ ድንጋይ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ቁልቁል ወደ ቆላ ነው። ያ መርፌሽስ?»

«በረዶ ይዤ እመጣለኋ።»

ሳቀ። «በረዶ ይዛ ቆላ የምትወርድ ሴት ዘንድሮ አየን! እሺ፣ ነይ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓሮው ራሱ የሚያስቀረኝ መሰለኝ። ዱባው መንገዴን ዘግቶ አበባውን በማሰሮዋ ክዳን ላይ ያፈካል። እግሮቼ ደንዝዘዋል፤ የረገጥኩትን አላውቅም። አምና በነጠላ ጫማ ጎመን ልቀነጥስ ወጥቼ እሾህ ወግቶኝ ሳላውቀው ሦስት ቀን ሄድኩበት፤ ቁስሉ እስከ ፋሲካ አልደረቀም። አሁን ጎመን ልቀነጥስ ስወጣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ካልሲና ሽፍን ጫማ አደርጋለሁ። ጎንበስ ስል ያዞረኛል። አበባውን የማየው ቆሜ ነው። የነፍስ አባቴም ጽጌን ልጹም ስላቸው «አንቺ በመርፌሽ እየጾምሽ ነው፤ ይበቃሻል» ብለው ከለከሉኝ። ደግነታቸው ነው። ግን ሰው ሁሉ የሚገባበት በር ለእኔ ሲዘጋ ይህ ስንተኛው ነው ብዬ ተመለስኩ።

ከአጥሩ ወዲያ የሱቅ ነጋዴ ቤት አለ። ሚስቱ ገና ወጣት ናት፤ ሙስሊም ናት፤ ልጇን አዝላ በአጥሩ ላይ የምታወራኝ እሷ ናት። ሱቃቸው ውስጥ ፍሪጅ አላቸው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ውሃ የሞላሁበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ወሰድኩላት፤ በረዶ እንዲሆንልኝ።

እዚህ ላይ የማልደብቀው ነገር አለ። ከጠርሙሱ ጋር መድኃኒቱንም በምሳ ዕቃ አድርጌ ሰጠኋት። መንገድ ቢዘጋና ብቆይ ብዬ የወሩን ሁለት ብልቃጥ በሙሉ ልይዝ ነበር። ብልቃጦቹን ጠዋት ከማሰሮዋ አውጥቼ በረዶው ላይ ላደርጋቸው እችል ነበር። እንደዚያ ማድረግ ነበረብኝ። ግን ይህን ያህል ዓመት ማሰሮዋን ሳላስብ ያደርኩበት ቀን የለም፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ብቻዬን ነኝ። አንድ ቀን፣ አንዲት ሌሊት ብቻ፣ አሸዋው ጠጣ አልጠጣ ሳልል መተኛት አማረኝ።

«ውሃውን ከላይ በረዶ ቤቱ፣ መድኃኒቱን ከታች» አልኳት።

«ገብቶኛል እትዬ፤ ምንም አያስቡ። ከታች።»

የማታውን መርፌዬን ከአሮጌው ብልቃጥ አሟጥጬ ወጋሁና ባዶውን ጣልኩት። ከዚያ ተኛሁ። ደህና አድርጌ ተኛሁ።

ዓርብ ሲነጋ ነጠላዬን አጣፍቼ ደጃፍ ስወጣ መኪናው ደርሷል። ዘመዶቹ ተጭነዋል፤ የጠላው ጀሪካን በገመድ ታስሯል። ልጅቱ፣ የነጋዴው ሚስት፣ የምሳ ዕቃውን በሁለት እጇ ይዛ እየሮጠች መጣች።

«ትላንት ማታ መብራት ሲሄድ ሲመጣ አመሸ እኮ እትዬ» አለችኝ። «ታች ይሞቅብዎታል ብዬ መድኃኒቱንም ከበረዶው ጋር አደረግሁልዎት። ይኸው፣ አንዴ ቀዝቅዟል!»

ከፈትኩት። ሁለቱም ብልቃጦች ጠንክረው ነጭ ድንጋይ ሆነዋል። አንዱን መዳፌ ውስጥ አድርጌ አንከባለልኩት። ሲቀልጥ ወተት አልሆነም፤ ፍርፋሪ ሆኖ መስተዋቱ ላይ ተለጠፈ። ነርሷ ከመጀመሪያ ቀን ጀምሮ የነገረችን ነው። ከሙቀት ይልቅ በረዶን ፍሩ፤ አንዴ በረዶ ከሆነ አይነካም።

«ምነው?» አለች ልጅቱ። ፊቴን አይታ ነው። «ምነው እትዬ፣ አበላሸሁት እንዴ?»

ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አወጣ። «እናቴ፣ ይሳፈሩ እንጂ፤ ፀሐይ ሳይከር ወገዳን እንለፍ።»

«መድኃኒቴ ተበላሽቷል።»

«ሁለት ቀን ነው እኮ! ሁለት ቀን ያለ መርፌ ምን ይሆናሉ? እዚያ ጠበሉ አለ።»

የባለቤቴ አክስት ከኋላ ወንበር ሆነው «ነይ ውጪ ልጄ፤ ቢያምሽ እኛ እንይዝሻለን» አሉኝ። እጃቸውን ዘረጉልኝ።

እጃቸውን ያዝኩ። አንድ እግሬን መወጣጫው ላይ አደረግሁ። ጫማዬ ብረቱን ሲነካ ዓይኔ ነው ያየው፤ እግሬ አላወቀውም። የጠዋቱ መርፌ ሰዓት ደርሶ ነበር። ሁለት ቀን ምን እንደሚያደርገኝ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ አምና በሁለት ቀን ነው የወደቅሁት። እዚያ ብወድቅ በሙት ዓመቱ ቀን የእሱን ትተው እኔን ሊሸከሙ ነው። ይህን ሁሉ ያሰብኩት እግሬ መወጣጫው ላይ እንዳለ ነው። ከዚያ አወረድኩት።

«ሂዱ» አልኳቸው።

አክስትየው እጄን ቶሎ አልለቀቁም። መኪናው ሲነሣ የጠላው ሽታ መንገዱ ላይ ቀረ።

ልጅቱ አጥሩን ተደግፋ ታለቅሳለች። ልቆጣት ፈለግሁ። አፌ ላይ የመጣው ክፉ ቃል ነበር፤ አልዋሽም። ግን ለአንድ ሌሊት ብዬ ከእጄ ያወጣሁት እኔ ነኝ። «ባጃጅ ጥሪልኝ» ብቻ አልኳት።

ሆስፒታል መድኃኒት የምታድለዋ ሴት ብልቃጡን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። የጠዋቱን እዚያው ወግታኝ፣ እስከ ቀጠሮዬ የሚያደርሰኝን አንድ ብልቃጥ ሰጠችኝ። በሰው ተደግፌ ቤቴ ገባሁ። ማሰሮዋን ከፈትኩ፤ አሸዋው በአንድ ቀን ደርቆ ነበር። አጠጣሁት። ብልቃጡን ጣሳው ውስጥ መልሼ የወይራውን ክዳን ከደንኩ።

ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ስልኬ ጮኸ። የወንድምየው ነው። «ካህናቱ ሊጀምሩ ነው። ስልኩን መቃብሩ ላይ ላድርገው፤ ስሚ።»

ቤት ውስጥ ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ወደ ጌሾው ወጣሁ። ልጅቱ በአጥሩ ቀዳዳ ስታየኝ ኖሮ በርጩማ ይዛ ገባችና አስቀመጠችኝ። እሷ መሬት ላይ ተቀመጠች። ስልኩን በመካከላችን ማሰሮዋ ክዳን ላይ አደረግሁት። የጽናጽል ድምፅ መጣ፤ ነፋስ መጣ፤ የሚያለቅስ ሰው መጣ። ፍትሐቱ ተጀመረ። ከዱባው አበባ ላይ አንድ ንብ ተነሥቶ ስልኩ ላይ ዞረ። የአንደኛውን ቄስ ድምፅ ለየሁት፤ ወደ ስም መጥሪያው እየተቃረበ ነው። አጎነበስኩ።

ድምፁ ተቆረጠ።

ጠበቅን። መልሼ ደወልኩ፤ አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ።

«አለቀ?» አለች ልጅቱ በሹክሹክታ።

«አላለቀም። ስሙን ሳይጠሩ ነው የተቆረጠው።»

«ስማቸው ማን ነበር?» አለችኝ። «እኛ እኮ የምናውቃቸው አናጢው ብለን ነው።»

እሱ የሚጠራበትን ነገርኳት። «ካህናቱ የሚጠሩት ግን ይህን አይደለም፤ የክርስትና ስሙን ነው። እሱን የምናውቀው ጥቂት ነን።»

«ታዲያ እርስዎ አይጠሩትም?»

ጠራሁት። እዚህ ወረቀት ላይ አልጽፈውም። በጓሮው ውስጥ ጮክ ብዬ ጠራሁት፤ ድምፄ እንዲህ የሚወጣ አልመሰለኝም ነበር። ሦስት ጊዜ ጠራሁት። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ቆየች። የተቀበረበት አፈር ከዚህ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ከፊቴ ያለው አፈር ግን እሱ የቆፈረው ነው። ይህን ለመጽናኛ ብዬ አልጻፍኩትም። አላጽናናኝም። ሌላ አፈር ስላልነበረኝ ነው።

ልጅቱ ተነሥታ የማጠጫውን ጣሳ በውሃ ሞልታ መጣች። «እኔ ላጠጣው?»

ክዳኑን አነሣሁላት። አፈሰሰች፤ ልክ አታውቅም።

«በቃ፣ በቃ! እንዳይዋኝ!»

ሳቀች፤ ከዚያ መሳቋ አሳፈራት። የዱባውን ሐረግ ከክዳኑ ላይ ገፍቼ ከደንኩ። ፀሐይዋ ገና ከአጥሩ ከፍ ማለቷ ነበር። ለማታው መርፌዬ ስምንት ሰዓት ይቀረኝ ነበር።