ሰላምታ ላልጨረሰ ደጋን የማይሰጡት ሰው

የቀስት አስተማሪያችን ጋሽ ዘውገ ባለፈው ሐሙስ ማረፋቸውን ለምታውቋቸው ሁሉ፣ ለቅሶ ለደረሳችሁም ላልሰማችሁም፣ በጽሑፍ አረዳለሁ። ያረፉት የፒያሳው ቤታቸው ከፈረሰ በኋላ በተዛወሩበት፣ ከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው።

ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ በነበረው የእንጨት ሥራ ቤታቸው ጓሮ ቀስት መወርወር ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ደጋኑን የሚጠርቡትም፣ ለተማሪው የሚመርጡለትም ራሳቸው ነበሩ። አመራረጣቸው ደግሞ የብቻቸው ነው። ደጋኑን ያስጨብጡህና «እስቲ ስበህ እንደያዝከው ሰላም በለኝ» ይላሉ። ድምፅህ ሳይንቀጠቀጥ ቤተሰቡን ሁሉ ጠይቀህ ከጨረስክ ደጋኑ ያንተ ነው።

እኔ ካረጀሁ በኋላ ሄጄ ዓይኔ ያረፈው ጫፉ ቆልመም ባለው፣ በሚያምረው ላይ ነበር። ሳብኩትና «ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ዘውገ፣ እንዴት ሰነበቱ? ባለቤትዎ ደህና ናቸው? ልጆችዎስ...» ስል ድምፄ የፍየል ሆነ። ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱት።

«እህቴ፣ ልጆቼ ላይ ከደከምሽ ላሞቼን ማን ይጠይቅልኛል?» አሉኝ።

ፒያሳ ላይ ምን ላም አላቸው። ረጅሙን፣ ቀጥ ያለውን ሰጡኝ። «ይሄኛው አይቸኩልም፤ ስህተትሽንም ይታገስሻል» አሉ። እውነትም ላሞቹን ጠይቄ ጨረስኩ።

ማታ ስንለያይ የማይረሱት ነገር ነበራቸው፦ «ደጋን ከሥራ ሲገባ ገመዱ ይውረድለት። ተወጥሮ ከሰነበተ ጉልበቱ ያልቃል።»

ኮንዶሚኒየሙ መወርወሪያ ቦታ የለውም። ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር «ልጆቹስ?» ይሉኛል፤ እናንተን ተማሪዎቻቸውን ማለታቸው ነው። እደውልላችኋለሁ፤ «በዚህ ሳምንት እንሄዳለን» ትሉኛላችሁ። እሳቸውም ወንበር ደርድረው ይጠብቃሉ።

ለቅሶው ላይ ግን ድንኳኑ ጠበበን። ከመካከላችሁ አንዱ የእሳቸውን ደጋን፣ ገመዱን ወጥሮ፣ ከፎቶግራፋቸው በላይ ሰቀለው።

«ኧረ ገመዱን አውርዱለት» አልኩ።

«እትዬ፣ ለፎቶ የሚያምረው እንዲህ ነው» ተባልኩ። ለቅሶተኛው እስኪበተን ተወጥሮ ሰነበተ።

ጋሽ ዘውገ፣ ድንኳኑ ሲነሳ ወንበር ላይ ወጥቼ ገመዱን አወረድኩልዎ። እንጨቱ ግን እንደጎበጠ ቀረ። ላሞችዎን ሳይቀር እንድንጠይቅ አስተማሩን፤ ልጆችዎ እርስዎን «እንዴት ሰነበቱ» ሊሉ የመጡት ግን አስከሬንዎ ከወጣ በኋላ ነው። ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው መልሻቸዋለሁ። ከእንግዲህ ማንንም አይጠብቁ፤ ደህና ይረፉ።