ሳጥኑ ለሁለት ነበር

አምቦ ወህኒ ቤት የገባሁት ጉደር ከማስተምርበት ክፍል፣ ጠመኔ በእጄ እንደያዝኩ ተወስጄ ነው። ጥፋቴ ለተማሪዎቼ ስለ ጭሰኛና ስለ ባለርስት ማውራቴ ነበር። እስረኛው አሥራ ዘጠኝ፣ ክፍሉ ጠባብ፣ ሽታው የረጠበ ካፖርትና የሽንት ባልዲ። አጠገቡ ቦታ የለቀቀልኝ ከሸነን የመጣ ገበሬ ነው፤ የሚያርሰውን መሬት አልለቅም ብሎ ታስሯል። ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ እንለዋለን። እሱ እኔን "በርሲሳ" ይለኛል፣ መምህር ማለቱ ነው።

አንድ ቀን አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ስላየሁት ቴሌቪዥን አወራሁ። ሰዎች ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው እየተቀባበሉ ዜና ያነባሉ ስል ማን ይመነኝ። ኦቦ ብቻ ተነስቶ የሚቀመጥበትን የጠርሙስ ሳጥን ታቹን በእርግጫ ገነጠለው።

"በል ግባበትና እንየው።"

ሳጥኑን ፊታችን አቁመን ሁለታችን ከኋላው ተቀመጥን። ዜናው ስንቅ ከተጠቀለለበት ጋዜጣና ከጠያቂ አፍ የተለቀመ ነው። እኔ በአማርኛ፣ እሱ በኦሮምኛ፣ እኩል እኩል። ተራው ሲደርስ ግን ዜናውን ትቶ እያንዳንዱን ሰው ሰላም ማለት ጀመረ፤ ልጆችህስ፣ ከብቱስ፣ ዝናቡስ።

"ኦቦ፣ ቴሌቪዥን ላይ ሰላምታ እንዲህ አይረዝምም" አልኩት።

"ሰው ቤት ገብተህ ደህንነቱን ሳትጠይቅ ወሬ ትጀምራለህ? ነውር ነው፣ በርሲሳ።"

ክፍሉ በሙሉ "ነጋዻ" ብሎ መለሰለት፣ ሰላም ነው ማለት ነው። እንደዚያ ቀን የሳቅኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ከዚያ ወዲያ ምሳውን ሳይጨርስ ፊት ለፊት ቦታ የሚይዝ ሰው በዛ። እኔ ራሴ ጠዋት የምነቃው ዛሬ ምን እናነባለን እያልኩ ሆነ።

በሁለተኛው ሳምንት የዘበኞቹ ሃምሳ አለቃ በር ላይ ቆሞ አዳመጠን።

"አማርኛውን ቀጥሉ። ያኛውን ከሰማሁ ለማናችሁም ስንቅ አይገባም" አለ። ወደ እኔ ዞሮ "አንተ ብቻህን ትበቃለህ" ሲል ጨመረ።

ኦቦ ሳጥኑን ወደ እኔ ገፋው። "ብቻህን አንብብ። በእኔ ምክንያት ሰው አይራብ።"

በማግስቱ ሳጥኑን መልሼ በሁለታችን ፊት አቆምኩት። እሱ ካልተቀመጠ እኔም አላነብም አልኩ፤ እያጉረመረመ ተቀመጠ። ሃምሳ አለቃው መጥቶ በር ላይ ቆሟል። ድርሻዬን አነበብኩና ተራውን ለኦቦ ለቀቅኩ።

ኦቦ ገባው። ድምፅ ሳያወጣ፣ በከንፈሩ ብቻ፣ እያንዳንዱን እያየ አንገቱን ዝቅ እያደረገ ሰላም አለ። ሰዉም አንድ በአንድ አንገቱን ዝቅ እያደረገ መለሰ። በመጨረሻ ኦቦ ሃምሳ አለቃውን ቀና ብሎ አየው፤ እሱንም እንደ ሌላው ሰው፣ ሳያሳንስ ሳያበልጥ፣ ሰላም አለው።

የሃምሳ አለቃው አንገት ጎንበስ አለ። ሳያስበው ነው። ወዲያው ቀና ብሎ ኮፍያውን አስተካከለና ሄደ። ስንቁ በሰዓቱ ገባ።

ኦቦን ከተፈታሁ በኋላ አላየሁትም። ዛሬ ዜና የሚያነቡ ሁለት ሰዎች ቴሌቪዥን ላይ ሲቀርቡ ልጆቼ የሚያዩት የሚያነበውን ነው፤ እኔ ተራውን የሚጠብቀውን። እሱ ቀና ሲል አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ ቤቴ ድረስ መጥቶ ሰላም ላለኝ ሰው እንዴት አልመልስ።